የይመር የድምፅ ሙከራ

ድንኳን የሚያከራይ ሰው መርዶን ከዘመድ ቀድሞ ይሰማል። ቆቦ ውስጥ ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ ከሚደወልላቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ጥላ ያስፈልገዋል። ስልኬ ማለዳ ሲጮኽ ባለቤቴ ቀና ብላ ፊቴን ታየዋለች። «ሠርግ ነው» ካልኳት ተመልሳ ትተኛለች፤ ዝም ካልኩ ነጠላዋን ትፈልጋለች።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል ጎብዬ ላይ የሠርግ ድንኳን እየተከልኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የይመር ነው። ይመር የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ በየሠርጉ እኔ ድንኳኑንና ስፒከሩን አቀርባለሁ፣ እሱ ኪቦርዱን ይጫወታል። ታሞ ደሴ ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቶ ስለነበር ድምፁን ልሰማ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «አቤት አንተ ሰነፍ፣ ሥራውን ለእኔ ጥለህ ትንፈላሰሳለህ አይደል?» አልኩት።

«እኔ ነኝ፣ ጀማል» አለ ታናሽ ወንድሙ። «ድንኳን ፈልጌ ነበር።»

«ለማን?» አልኩት። አፌ ለምዶበት ነው እንጂ ገብቶኛል።

ጀማል «ኢናሊላሂ» አለና ማልቀሱ ተሰማኝ። መዶሻውን እንደያዝኩ ካስማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሠርጉ ቤት ሰዎች የደከመኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

ከሮቢት እስከ ጎብዬ ይመርን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ የሚያውቁት ግን በጭፈራው ነው። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ ሲያሳርፍ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ጎረምሳ ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሳል። አጃቢውን ጉልበቱ እስኪዝል ያስጨፍረዋል፤ እሱ ራሱ ግን በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው ጥንቅሽ ይመጥጣል። ያን ከማሽላ ማሳ የሚቆረጠውን ጣፋጭ አገዳ ከአፉ አይለየውም ነበር። የሚመጥጠው ሲያጣ ይነጫነጫል፤ ሲያገኝ ደግሞ ልጣጩን የኪቦርዱ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፤ እኔ ስጠርግ እኖራለሁ።

ፀባዩ ሁሉ ማር አልነበረም። ሠርግ ላይ አርፍዶ ይመጣል፣ መጥቶም «ሙሽራዋ ራሷ መቼ ተነሳች?» ይላል። ጆሮ ማዳመጫውን ለሰው አያውስም፤ ለእኔ እንኳ አውሶኝ አያውቅም። ግትርነቱንማ ተዉት። ሲናደድብኝ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ድንኳን ነህ፤ ለመጣው ሁሉ ትቆማለህ» ይለኝ ነበር። እኔም «ሆዳም» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ሙሽራ ሸኘን።

ከጭፈራው ሌላ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ ነበረው። «ወፍ ጥበቃ» የሚል አልበም ለዓመታት ሲሠራ ነው የኖረው። ሁሉም ቀርፋፋ፣ ሁሉም ሐዘን የነካው፣ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራበት ዓይነት ዘፈን ነው። ከበሮ የለበትም። ቫዮሊን አለ፣ ዋሽንት አለ፣ ከሥር ደግሞ ብዙ መሰንቆ አንድ ላይ ያጉረመርማል። ልጅ ሳለ ዞብል ተራራ ፊት ለፊት ባለው የአባቱ ማሳ ላይ ማሽላ ይጠብቅ ነበር፤ የአልበሙን ስም ያወጣው ከዚያ ነው። «ማማ ላይ ስትውል» ብሎ አጫውቶኛል፣ «ጠዋት ወፍ ታባርራለህ። ከሰዓት በኋላ ሐሳብህን ታባርራለህ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ማባረሩን ትተህ ሐሳብህን ታዳምጠዋለህ። ያኔ የሰማሁትን ነው አሁን የምጫወተው።»

የሚቀዳው በቀትር ነበር። ቆቦ በቀትር ባጃጁም ሰውም ጥላ ሥር ይገባል፤ ከተማው ዝም የሚለው ያኔ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ፍራሽ ለጥፎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን አውልቆ ይሠራል። መሰንቆውን የሚመታለት አያ ኪሮስ የሚባል ከትግራይ ወገን መጥቶ ቆቦ ያረጀ አዝማሪ ነው። ይመር ለብዙ መሰንቆ መቺ የሚከፍልበት አቅም ስላልነበረው፣ አያ ኪሮስን ብቻውን ያስመታዋል፤ ከዚያ የራሱን ቅጂ በጆሮው እያሰማው ሌላ እንዲመታበት ያደርገዋል፤ በሁለቱ ላይ ደግሞ ሌላ። አያ ኪሮስ መጀመሪያ ላይ ተቆጥቶ ነበር።

«አንታ፣ ራሴን ልከተል ነው?» አለው።

«ከራስዎ የተሻለ ሰው ከየት ላምጣልዎ?»

ሲያልቅ ሁሉንም አንድ ላይ አሰማው። አያ ኪሮስ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ዞር ብሎ ጀርባውን አየ፤ ከፍራሽ በቀር ምንም የለም። «ይኼ ሁሉ ሰው እኔ ውስጥ ነበር?» አለና መሰንቆውን አቅፎ ወጣ። እኔን ያላዋሰኝን ማዳመጫ ለአያ ኪሮስ መስጠቱን ሳልነግረው አላለፍኩም።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር፤ የይመር ነገር ያለ እሷ አይገባም።

ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መንገዱ ሁሉ በታመሰበት በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለን የለም፤ አየሁት ያለንም የለም። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም። በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ እንባው ራሱ ይገድለዋል ይባላል። እናቴ ጌጤ ይህን አጥብቃ ያዘች። አልጋውን በየሳምንቱ ታነጥፋለች፣ የሰው ለቅሶ አንድም አታስቀርም፣ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው። ሴቶቹ ደረት ሲደቁ እሷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትቀመጣለች። ልበ ደረቅ ነች ብለው ያሟት ነበር። እኔ አንድ ቀን «አልቅሰሽ ቢወጣልሽ ምናለ?» ብላት፣ «ይኼ እንባ አንድ ጊዜ ከወረደ ለማን እንደሚወርድ አውቀዋለሁ። ልጄ እኮ አልሞተም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁባትም። እህል የማይወርድለት፣ ተኝቶ የማያርፍ ሰው ቤት ውስጥ ማየት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እየመነመነች ነበር፤ ፈርቼላት ነበር።

ታዲያ ጎረቤታችን አባ አራጌ የልጅ ልጃቸውን ሲድሩ ድንኳኑን ተከልኩ። አባ አራጌ ራሳቸው በጠና ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሠርጉም የተጣደፈው እሳቸው ዓይናቸው ሳይከደን እንዲያዩት ነው። በሠርጉ ማለዳ ይመር እንደ ልማዱ አርፍዶ መጣና ስፒከሩን መሞከር ጀመረ። ሲሞክር ጭፈራ አይጫወትም። «ጭፈራ የስፒከርን ገመና ይሸፍናል፤ በሽታውን የሚያወጣው ቀርፋፋ ዜማ ነው» ይላል። ያን ቀን የሞከረው ገና ግጥም ባልሠራላት በአንዷ ዜማው ነበር። ቫዮሊኑና የአያ ኪሮስ መሰንቆዎች በዚያ ሁሉ ስፒከር በማለዳ ሰፈሩን ሞሉት።

እኔ ገመድ እያሰርኩ ቀና ስል ሴቶች ይመጣሉ። ነጠላቸውን የሐዘን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ተከታትለው ይገባሉ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሽማግሌው ታመዋል፣ እንዲህ ያለ ዜማ ይሰማል፤ አባ አራጌ ሌሊቱን አልፈው ሠርጉ ለቅሶ ሆነ ብለው ነው። ገብተው ተቀመጡ፤ አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች። ሙሽራዋ ከጓዳ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ወጣችና እሷም አያቴ ብላ አለቀሰች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ይኼኔ አባ አራጌ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በከዘራቸው እየተደገፉ ከቤት ወጡ።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

ለቅሶው ድንገት ተቋረጠ። አንዲት ሴት «በስመአብ» ብላ ወደ ኋላዋ ወደቀች። ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ሳቁ ተዛመተ፤ ይመር በድንጋጤ ጥንቅሹን ጥሎ ወደ ማጥፊያው ሮጠ። አንድ ድምፅ ግን አላቆመም ነበር። ጥግ ላይ እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። እንዲያ ስታለቅስ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ሄጄ ትከሻዋን ያዝኩና «እማዬ፣ ሠርግ ነው እኮ፤ አባ አራጌ ደህና ናቸው» አልኳት።

«አየኋቸው» አለች። «ከጀመርኩ ልጨርስ ተወኝ።» ከዚያ ወደ ይመር ዞረች። «አንተ ልጅ፣ አታጥፋው።»

ሁሉም አባ አራጌን አዩ፤ ቤቱ የሳቸው ነው፣ በሠርግ ማለዳ እንባ ደግሞ አይወደድም። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለኔ ብለው ያመጡትን እንባ ምን ሁኖ ይመልሱታል?» አሉ። «ታልቅስበት። ሠርጉ የትም አይሄድ።»

ይመር ዜማዋ ስታልቅ መልሶ ጀመራት። ስፒከሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ኪቦርዱን የሚሸፍንበትን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ እየዳበሰ ጠበቃት። እናቴ ሲበቃት ተነሳች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወደ ጓዳ ገባችና ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች መሀል ቁጭ አለች። «እዚህ ስለ ዓይኔ ማንም አይጠይቀኝም» አለች። የዚያን ቀን ምሳ በላች። ሙሽራዋ ስትወጣም እልል ስትል ሰማኋት።

ለማን እንዳለቀሰች ሁላችንም አውቀናል። ማንም ግን አልተናገረም፤ እሷም አልተናገረች። መርዶ አልመጣም፣ ስም አልተጠራም፣ ልጇም አልሞተም። እንባው ግን ወጣ።

በማግስቱ ይመር አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ይዞ ቤታችን መጣ። ለእናቴ ልጦ ሰጣት።

«እማ ጌጤ፣ ለዚያች ዜማ ግጥም ልሠራላት ነበር። ካልፈቀዱልኝ ግን እተዋታለሁ።»

እናቴ ብዙ አሰበች። «ስሙን ካልጠራህ» አለችው።

«አልጠራም፣ ወላሂ።»

እውነትም አልጠራም። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ያቺ ዜማ ነች፤

በሩ አልተዘጋም፣ መብራቱም አልጠፋ፣
መንገዱን ያውቃል ስል፣ አልቆረጥኩም ተስፋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። መርዶ ያልመጣላት እናቴ ብቻ አልነበረችማ። የእኔ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ በማለዳ ሁለት ሦስት ሴት፣ አንዳንዴም ፊቱን በፎጣ የሸፈነ ወንድ፣ ለይመር ሙከራ ይመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ፊታቸውን አብሰው ሥራ ያግዛሉ። ሟርት ነው ብሎ የሚቆጣ የሠርግ ቤት አልጠፋም። ይመር ቀድሞ የቤቱን ባለቤት ያስፈቅዳል፤ እምቢ ካሉት በጭፈራ ይሞክራል። ለሚጠይቁት ግን «ደስታ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሳይገባ ቤት ይጠረጋል» ይላቸው ነበር። ብዙዎቹ ይፈቅዱለታል። ወሎ እንዲህ ነው፤ አኩርፎም ቢሆን ይፈቅዳል።

አልበሙ ሊያልቅ ሲል ይዞት አዲስ አበባ ወጣ። ሁለት ቫዮሊን ተጫዋቾች እዚያ አግኝቶ የኪቦርዱን ቫዮሊን በእውነተኛው ተካው። አንድ አሳታሚም ሰማለትና ወደደው፤ ግን የራያ ከበሮ ይጨመርበት አለ። የራያ ልጅ ሆነህ ሰው ካልጨፈረበት ማን ይገዛሃል ብሎታል። ይመር በአውቶቡስ ተመልሶ መጣና ይህን ሲነግረኝ ድንኳን ውስጥ ገመድ እየፈታን ነበር፤ እናቴም ተቀምጣለች። እኔ ያለ ምንም ማመንታት «ጨምርበታ» አልኩት። እናቴም «ጨምርበት ልጄ፤ የልጆች አባት ነህ። ስለኛ ብለህ እንጀራህን አትግፋ» አለችው።

ይመር ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። «እማ ጌጤ፣ ከበሮ ከገባ ሰው ይነሳል» አላት። «እርስዎን ከተቀመጡበት ማስነሳት አልፈልግም።»

እኔ ተናድጄበት ነበር። ግትር ነህ፣ ልጆችህ ዜማ ይበላሉ ወይ አልኩት። «አንተ ድንኳን ነህ» አለኝና ሳቀ። አልበሙን ራሱ አወጣው፤ በየስልክ ቤቱ እየዞረ በፍላሽ ሰጠ፣ ኢንተርኔት ላይም ጫነው። ያን ያህል አልተሰማለትም። ሲታመምም ያው የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ግን እናቴ ዳግመኛ ሰው ሆና ያየኋት በእሱ ነው፤ ስንት ሠርግ አብሬው ሠርቼ አመሰግንሃለሁ ያልኩት በቀልድ ብቻ ነበር። አሁን በቁም ነገር ልበለው፤ ይመር፣ እናቴን መልሰህልኛል፣ አመሰግንሃለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን የጎብዬውን ሠርግ ለሠራተኞቼ ትቼ ቆቦ ገባሁና የይመርን ድንኳን ራሴ ተከልኩ። ከደሴ አምጥተው ሲቀብሩት ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ስፒከሩን ከመጋዘን አላወጣሁትም፤ በሙስሊም ቤት ለቅሶ ላይ ሙዚቃ አይሆንም፣ ሼሆቹ ዱዓ ያደርጋሉ። የሰፈሩን ሁሉ ለቅሶ ያስለቀሰው ሰው የራሱ ድንኳን ያለ ሙከራ ቆመ። ምሰሶውን ካቆምኩ በኋላ ምን እንደጎደለኝ ሳላውቅ ገመዱን ደጋግሜ አጠብቅ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ከሴቶቹ ወገን ከይመር ሚስት ከዘይነባ ጎን ተቀመጠች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ። ሴቶቹ እንደ ድሮው በነጠላዋ አፏን ትይዛለች ብለው ጠብቀዋል። እሷ ግን ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገችና ድምፅዋን ሳታነሳ ጠራችው።

«ይመርዬ። ላንተስ መርዶህ መጣልኝ። ስምህን ጠርቼ አለቅስልሃለሁ።»

አለቀሰችለት። ዘይነባም አብራት አለቀሰች። በእኛ አገር ሰው ሲያርፍ ቀድመውት ለሄዱት መልእክት ይላክበታል፤ እንዲህ በላቸው፣ እንዲህ ሆንን በላቸው ይባላል። እናቴ የምትልከው መልእክት አልነበራትም፤ ልጄ ቀድሞኛል ብላ አታምንምና። ቀጥሎ ግን የወንድሜን ስም ሰማሁት። በለቅሶ መሀል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«እዚያ ስትደርስ ሲሳይን ፈልግልኝ» አለች። «ከዳር እስከ ዳር ፈልገው፣ የማታውቀውንም ጠይቅ። አደራህን ይመርዬ፣ እንዳታገኘው።»

ዘይነባ እጇን ያዘቻትና «አሚን» አለች።